በወንበሬ እስከ ዋቤ ወንዝ

ከተመለስኩ ጀምሮ የስፌት ማሽኔ ሥራ ፈትቷል። በሱቄ ደጃፍ የሚያልፍ ሁሉ «ረሕመት፣ ወንዙ እንዴት ነበር?» ይላል፤ እኔም ከሀ ጀምሬ እነግራለሁ፤ የሰው ቀሚስ መርፌ ስር እንደተወጠረ ይመሻል። የአካል ጉዳተኞች ማኅበራችን አባላትማ ሱቄን የስብሰባ አዳራሽ አደረጉት። እንግዲህ አንድ ጊዜ ልጻፈውና ሁላችሁም አንብቡት፣ እኔም ሥራዬን ልሥራ። አብዛኞቻችሁ ወደዚያ እንደማትሄዱ አውቃለሁ። መንገዱን ስላየሁት አልፈርድባችሁም።

ነገሩ በስልክ ነው የተጀመረው። ተመስገን የሚባል ወጣት፣ ከወልቂጤ ወጣ ብሎ ቸሃ ውስጥ፣ ዋቤ ወንዝ ሰፋ ብሎ ቀስ እያለ በሚሄድበት ቦታ ከጓደኞቹ ጋር ጀልባ ያስቀዝፋል። አዲስ አበባ የሚኖር የሰፈሩ ተወላጅ ነጋዴ ካያክ ልኮላቸዋል። ካያክ ማለት ጠባብና ረጅም ጀልባ ነው፤ ሁለት ሰው ፊትና ኋላ ተቀምጦ ይቀዝፈዋል። «አካል ጉዳተኛም እንዲቀዝፍ አድርገን አስተካክለነዋል። መጥታችሁ ሞክሩና ጉድለቱን ንገሩን፤ ከተመቻችሁ የማኅበራችሁን ሰው ሁሉ በየተራ እንጋብዛለን» አለ። ማኅበሩ እኔንና መምህር አየለን ላከ። እኔን ታውቁኛላችሁ፤ እግሮቼን በልጅነቴ ፖሊዮ የወሰደብኝ ልብስ ሰፊ ነኝ። መምህር አየለ ደግሞ ከደብረ ታቦር መጥቶ ቡታጅራ የቀረ የታሪክ መምህር ነው፤ ዓይኖቹ አያዩም። «ዕውርና ሽባ ተያይዘው መንገድ ወጡ ሊባልልን ነው» ብዬ ብቀልድበት፣ «ተረቱ ላይ ተሸካሚው ዕውሩ ነው። እኔ ወገቤን ያመኛል፤ ካሁኑ እወቂው» አለኝ።

እሱ ቢፈልግስ ማን ይሸከመኝ ብሎት! የእህቴ ሠርግ ላይ ሰዎች ተሸክመው ደረጃ ሲያወጡኝ ቀሚሴ ተገልቦ አዳራሹ ሁሉ እግሬን አየው። ከዚያ እንደ በርበሬ ጆንያ ጥግ አስቀምጠውኝ ወደ ጭፈራቸው ሄዱ። ያን ዕለት ማልኩ፤ በገዛ ጎማዬ የማልደርስበት ቦታ ይቅርብኝ። ተመስገንንም ከሁሉ በፊት የጠየቅኩት ይህንኑ ነው። «ውሃው ድረስ በወንበሬ ነው የምደርሰው?» «በወንበርሽ ነው» አለ። በዚህ ቃል ተነሳን።

አንደኛው ቀን፤ ከቡታጅራ አገና

መናኸሪያ ላይ ረዳቱ ወንበሬን ጣሪያ ላይ ሲያስር እኔ ከታች «ቀስ! የፊት ጎማውን አትጠምዝዘው!» እያልኩ እረፍት አልሰጠሁትም። «እናቴ፣ ለሚስቴም እንዲህ ተጠንቅቄላት አላውቅ» አለ። እኔም የሚኒባሱን በር ይዤ፣ በክንዴ ራሴን ስቤ ገባሁ። ይህን ስሠራ ሰው ሁልጊዜ ፊቱን ያዞራል፤ ለምን እንደሆነ አይገባኝም።

ከመስቃን ሜዳ ወጥተን ተራራውን ስንያያዝ ብርዱ መጣ። ቡታጅራ ላይ በስስ ሻርፕ የወጣሁ ሴት አገና አቅራቢያ ስደርስ ጥርሴ እርስ በርሱ ይማታ ነበር። ጭጋጉ መስኮቱን ደፍኖታል። መምህር አየለ ብቻ አልተጨነቀም፤ «ዛሬ ሁላችሁም እንደ እኔ ሆናችሁ» ብሎ ሳቀብን። ጭጋጉ ሲገለጥ ያየሁትን ግን ምን ብዬ ልንገራችሁ። እንሰት እኛም ሰፈር አለ፤ እዚህ ግን እንሰቱ ቤቱን ውጦታል። ከቅጠሉ መሀል የጎጆ ጫፍ ብቻ ብቅ ይላል። ሱብሃነላህ እያልኩ አንገቴ እስኪያመኝ አየሁ።

አገና ያረፍንበት ቤት ከበሩ ፊት ደረጃ አለው። ባለቤቷ እማማ አስካለ፣ አጠር ያሉ ቆፍጣና ሴት፣ ወንበሬን አዩ፣ ደረጃውን አዩ፣ ከዚያም ምንም ሳይሉ ወደ ውስጥ ገብተው መዶሻ ይዘው መጡ። ማጠፊያውን መትተው አንዱን በር ነቀሉና ደረጃው ላይ አጋደሙት። «እማማ፣ በርዎን!» ብላቸው፣ «በር ሰው ካላስገባ ምን ያደርጋል? ግቢ!» አሉ። ገባሁ። ቡታጅራ ፎቅ ያላቸው ሆቴሎች ሞልተዋል፤ አንዳቸውም ይህን አላደረጉልኝም። የነቀሉት በር ግን የእኔው መኝታ ክፍል በር ኖሯል። በመጋረጃ ብቻ ስንቀጠቀጥ አደርኩ፤ እማማ አስካለም ጠዋት ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ሁለተኛው ቀን፤ ወልቂጤ

የአገና ገበያ ቀን ስለነበር ሚኒባሱ ጣሪያ ላይ በኮባ የተጠቀለለ ቆጮ ተቆለለ። ቦታ ጠፍቶ አንዱን ጥቅል ወንበሬ ላይ አስቀምጠው አሰሩት። ወልቂጤ ስንወርድ ወንበሬ ቆጮ ቆጮ ይሸታል፤ እስከዛሬም አለቀቀውም።

ወልቂጤ ሞቃት ናት። የጅማ መንገድ መሀሏን ሰንጥቆ ስለሚያልፍ ከባድ መኪና አያባራባትም። ባጃጁ እንደ ቡታጅራው ነው፤ አስፋልቱ ዳር ያለው ቦይም እንደ ቡታጅራው ክዳን የለውም፤ በዚህስ አገሬ ያለሁ መሰለኝ። ተመስገን መጥቶ ተቀበለን፤ ረጅም፣ ፈገግታ የማይለየው፣ ሲናገር እጁን የሚያሻሽ ልጅ ነው። ምሳ ጋበዘን። እኔን ሙስሊም ምግብ ቤት ወስዶ ክትፎ አዘዘልኝ፤ መምህር አየለ የነቢያትን ጾም ይዞ ነበርና ከፊቱ ሽሮ ተቀመጠ። «ወልቂጤ ድረስ መጥቶ ሽሮ!» አልኩት። «ዝም ብለሽ ብዪ፤ ሽታው ይበቃኛል» አለና እንደገና ወደ ሳህኔ ተጠጋ። ተመስገን ግን አልሳቀም። ስለ መንገዱ ስጠይቀው «ነገ ታዪዋለሽ» ብቻ ይላል። ሆዴ ያን ጊዜ ነው የጠረጠረው።

ሦስተኛው ቀን፤ ጀፎረው

ጠዋት በባጃጅ ከፒስታው ወርደን ሰፈሩ መግቢያ ደረስን። እዚህ ላይ ትንሽ ልቁም።

በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። ከፊቴ ሰፊ አረንጓዴ ሣር ተዘርግቷል፤ የቡታጅራ ዋና መንገድ ጎን ለጎን ብዙ ጊዜ ቢደረደር የማይሞላው። ግራና ቀኝ ትልልቅ ጎጆዎች ፊታቸውን ወደ ሣሩ አዙረው ተሰልፈዋል፤ ከጀርባቸው እንሰት። ይህ ጀፎረ ነው፤ የሰፈሩ የጋራ መንገድና አደባባይ። ፈረስ ይጋለብበታል፣ ሠርግና ለቅሶ ይዋልበታል፣ ሽማግሌ ይቀመጥበታል። አንድ ሰው አንድ ክንድ እንኳ አጥሮ ወይም አርሶ የራሱ ማድረግ አይችልም፤ ከአባቶች የመጣ ሕግ ነው። መምህር አየለ እጁን አጨበጨበና ጆሮውን አቀና። «ድምፄ አልተመለሰም። ረሕመት፣ ይሄ ነገር መጨረሻ የለውም እንዴ?» አለ። ዕንባዬ መጣ። እኔ እንኳ ወንበሬን የማዞርበት ቦታ አጥቼ በየሱቁ ጥግ የምኖር ሴት ነኝ፤ እነሱ ይህን ሁሉ ስፋት ሳይሸጡት፣ ሳይቆራርሱት ለልጅ ልጅ አቆዩት።

ወንዙ ከጀፎረው ማዶ፣ ከዛፎቹ ስር ነው። እኔም ሳላመነታ ጎማዬን ገፋሁ፤ የፊት ጎማዎቼ ሣሩ ውስጥ ሰመጡ። ደግሜ ገፋሁ፤ ባሰበት። ዞር ስል ጀፎረው ጠርዝ ላይ የጠጠር ክምር አየሁ።

«ተመስገን፣ ይሄ ምንድነው?»

እጁን አሻሸ። «መንገድ ልንሠራልሽ ነበር። ሽማግሌዎቹ አስቆሙን። እስክትመጪ ይፈቅዳሉ ብዬ…»

«ዋሸኸኛ!»

«አልዋሸሁም፤ ተስፋ አድርጌ ነው።»

ልመልስለት ስል የሰፈሩ ጎልማሶች መጡ። ተጨንቀው፣ ተጠበው፣ እንግዳ አክብረው ነው የመጡት፤ ያን አሁን አውቃለሁ። በአዲስ የቃጫ ገመድ የተጠፈረ ቃሬዛ ይዘዋል፤ ነጭ ጋቢ አንጥፈውበታል። ከየቤቱ አንድ አንድ ሰው ወጥቶ በየተራ ሊሸከመኝ ተስማምቷል። ይህ ለእነሱ ትልቅ ክብር ነው። እኔ ግን ቃሬዛ ሳይ ደሜ ፈላ። በሽተኛና ሬሳ ነው በቃሬዛ የሚሄደው!

«ገና አልሞትኩም! ስሞት ትመጣላችሁ!» ብዬ ጮህኩ።

ሰዎቹ ደነገጡ። አንዱ ቃሬዛውን መሬት አስቀመጠና ጋቢውን እያስተካከለ ቆመ። መምህር አየለ «ረሕመት፣ ሰዎቹ እኮ በደግነት ነው» አለኝ በለሆሳስ። «ደግነታቸው ሸክም ነው! ባጃጁን ጥራልኝ፣ ወደ አገሬ እመለሳለሁ» አልኩ። ከልቤ ነበር። ለእናንተ «አይሆንም፣ እዚያም እንሸከማችሁ ነው የሚሉት» ልላችሁ ቃሉን አዘጋጅቼ ነበር።

በዚህ መሀል ጋሽ ዘርጋ መጡ። የሰፈሩ ሽማግሌ ናቸው፤ ቀጭን፣ ከዘራቸውን ሳይደገፉበት የሚይዙ፣ ጠጠሩንም ያስቆሙት እሳቸው ናቸው። ሰላምታ ሰጥተውኝ ሣሩ ላይ ተቀመጡ፤ ፊታችን እኩል ሆነ።

«ልጄ፣ ክፉ ሰው አድርገሽ እንዳታዪኝ። ዛሬ ለአንቺ ብዬ ጠጠር ባስፈስስ፣ ነገ አንዱ ለመኪናው ያፈሳል፣ ከነገ ወዲያ ሌላው ግንብ ያቆማል። ያን ጊዜ በምን አፌ እከለክላለሁ?»

እውነታቸውን ነው። ቡታጅራ ላይ እኛ ልጆች ሆነን የነበረው ሜዳ የት አለ? ዛሬ ሱቅ በሱቅ ነው፤ የኔም ሱቅ እዚያው ላይ ነው። ቢሆንም አፌ አላረፈም።

«ጋሽ ዘርጋ፣ ይሄ ሣር የማን ነው?»

«የሁሉ ነው።»

«ከብት ያልፍበታል?»

«ያልፋል።»

«ፈረስ? ሙሽራ? ሬሳ?»

«ሁሉም ያልፋል።»

«እንግዲያው ሞቼ ብመጣ ያሳልፉኛል። በሕይወቴ ግን ታጥሮብኛል።»

ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። «ታጥሮብኛል ነው ያልሽው?»

«አዎ፣ ታጥሮብኛል።»

«እስቲ አሳዪኝ» አሉና ተነሱ።

አሳየኋቸው። በሙሉ ክንዴ ገፋሁ፤ እሳቸው ከጎኔ በዝግታ ይራመዳሉ። ሰው ሊያግዘኝ ሲጠጋ በከዘራቸው ከለከሉ። ላቤ ከሻርፔ ስር ወረደ፣ መዳፌ ተላጠ። ከሱቄ እስከ መስጊዱ በር የሚሆን መንገድ እንኳ ሳልሄድ አንዱ ጎማ ጉድጓድ ውስጥ ገባና ወንበሩ ከነእኔ ተገለበጠ። በሆዴ ተስቤ፣ ወንበሩን አቁሜ፣ ተመልሼ ወጣሁበት። ሰፈሩ ሁሉ ያያል። ጋሽ ዘርጋ ቀና ብለው ወንዙን አዩ፤ ያለፍኩትንም አዩ። «ዛሬ አትሂዱ። እኛ ቤት እደሩ» ብቻ አሉ።

ከሰዓት ሽማግሌዎቹ ጀፎረው ላይ ካለ ዝግባ ስር ለሽምግልና ተቀመጡ። የሚሉትን አልሰማሁም፤ በጉራጊኛ ነው፣ የኛ መስቃን ከእነሱ ቸሃ ጋር ደግሞ ብዙም አይደማመጥም። ማታ ጋሽ ዘርጋ ቤት ራት ቀረበ። እነሱ ክርስቲያን ስለሆኑ የእኔን ራት ከሙስሊም ጎረቤታቸው ቤት አስመጥተዋል፤ የጎረቤታቸው ሚስት ራሷ ይዛው መጥታ «ቢስሚላህ በዪ፣ የኛው እርድ ነው» አለችኝ። ማንም አልነገራቸውም፤ ራሳቸው ናቸው ያሰቡት። ቀን ላይ የጮህኩባቸው ሰዎች መሆናቸውን ሳስብ ቀና ብዬ ላያቸው አፈርኩ። ስለ ሽምግልናው ግን ማንም ትንፍሽ አላለም።

አራተኛው ቀን፤ ዋቤ

ጠዋት መምህር አየለ ከደጅ ጠራኝ። «ረሕመት፣ ነይ ውጪ። ሰው ሁሉ የሆነ ነገር መሬት ላይ እየጣለ ነው፤ ድምፁ አልገባኝም።»

ወጣሁ። ያረቢ! ከጋሽ ዘርጋ ደጅ ጀምሮ እስከ ዛፎቹ ድረስ ጀፎረው ላይ ጅባ ተነጥፏል። ጅባ ከእንሰት የሚሠራ ወፍራም ምንጣፍ ነው፤ በየቤቱ ይቀመጡበታል፣ ይተኙበታል። እያንዳንዱ ቤት የራሱን አውጥቶ ጫፍ ለጫፍ አጋጥሞታል። አዲስ አለ፣ ያረጀ አለ፣ መሀሉ የሰው ገላ ያለሰለሰው አለ። ሴቶቹ ገና ይሸከማሉ፣ ወንዶቹ ያነጥፋሉ። የተነጠፈው ለእኔ ጎማ መሆኑ ገባኝ።

ወንበሬን ግን አልገፋሁም። ጎማዬን አየሁት፤ የትናንቱ ጭቃና እበት ተለጥፎበታል። ሰው የሚተኛበት ላይ፣ ሰው የሚጸልይበት ላይ በዚህ እንዴት እወጣለሁ? እኛ ምንጣፍ ላይ ጫማ እናወልቃለን፤ ወንበር ምን ያወልቃል? «ውሃ ስጡኝ» አልኩ። የጋሽ ዘርጋ ባለቤት በባልዲ አመጡ። መምህር አየለ ኮቱን አውልቆ ተንበረከከና፣ ሽቦ በሽቦ፣ በጣቱ እየዳሰሰ ጎማዎቼን አጠበ። «ከዚህ በላይ አይጠራም፤ እኔ ካላየሁበት ንጹሕ ነው» ብሎ ቀለደ።

ከዚያ ሄድኩ። ጅባው ከጎማዬ ስር ሲጫን ይሰማኛል፤ አንዱ አልቆ ሌላው ሲጀምር ትንሽ ዘለል ያደርገኛል። ማንም አልነካኝም። ከኋላዬ የተነሳውን ጅባ ወደ ፊት እየሮጡ ያነጥፉታል፤ ዛፎቹን አልፎ ውሃው ድረስ እንዲበቃ። እኔ ወደፊት ብቻ እያየሁ እገፋለሁ።

ጀልባው ጋ ስደርስ ተመስገን የሠራውን አየሁና ይቅር አልኩት። ከባሕር ዛፍ የተሠራ መድረክ አለ፤ ቁመቱ ከወንበሬ መቀመጫ ጋር እኩል ነው። ካያኩ በሁለት አግዳሚ መሀል ስለሚገባ አይዋዥቅም። ከወንበሬ ወደ ጀልባው በለሰለሰ ሳንቃ ላይ ተንሸራትቼ ገባሁ። መደገፊያው ከፕላስቲክ ወንበር ተቆርጦ የተሠራ ነው፤ ግራና ቀኙ ስፖንጅ አለው። «እግሬን አታስሩትም?» ስለው «የታሰረ ሰው ጀልባው ቢገለበጥ አይወጣም» አለ። ተንሳፋፊ ሰደርያ አልብሶኝ፣ ጥልቀት የሌለው ቦታ ላይ ሆን ብሎ ገለበጠኝ፤ መውጣት እንድለምድ ነው አለ። ዋቤን ጠጣሁት። ጉድለቱን ንገሩን ስላሉ ነግሬያቸዋለሁ፤ መያዣው እንጨት ይርቃል፣ ስፖንጁ ውሃ ይመጥጣል፣ ሴት እርጥብ ልብሷን የምትቀይርበት መጋረጃ የለም።

መምህር አየለ ከፊት ተቀመጠ፣ እኔ ከኋላ። እሱ በጉልበት ይቀዝፋል፣ እኔ አይቼ እመራለሁ። መጀመሪያ ላይ «ግራ!» ስለው የሱ ግራ ከኔ ግራ ጋር ተጣልቶ ሸምበቆ ውስጥ ገባንና ወፎች ከራሳችን በላይ ተነሱ። «ምንድነው የተነሳው?» «ወፍ ነው፣ ነጭ።» «ስንት ይሆናል?» «ሰማዩን ሞልቶታል።» ፊቱን ወደ ሰማይ ቀና አደረገ። ከዚያ ወንዙ መሀል ወጣን። ክንዶቼ ጎማ ሲገፉ የኖሩ ናቸው፤ መቅዘፊያው እጄ ውስጥ ቀለለኝ። ውሃው ዳገት የለው፣ ደረጃ የለው፣ ቦይ የለው። ወላሂ፣ ዓለም ከተፈጠረ ጀምሮ እንዲህ ለእኔ የተስተካከለ መሬት እግሬ ስር አላገኘሁም። አለቀስኩ፤ ለመምህር አየለም እያለቀስኩ መሆኑን ነገርኩት። «እኔም» አለ።

ስንመለስ ሽማግሌዎቹ ዳር ላይ ቆመው ይጠብቁናል፤ ሰፈሩም ከኋላቸው። ከጀልባ ወደ ወንበሬ ስሻገር ማንም አልተቀመጠም። ጋሽ ዘርጋ ባርኔጣቸውን አወለቁ። እኔ እንድሰማ ብለው በአማርኛ ተናገሩ።

«ጀፎረን ያጠረ ሰው አጥሩን እንዲያፈርስ፣ የተበደለውንም ይቅርታ እንዲጠይቅ ሕጋችን ነው። ትናንት ይህች ልጅ ታጥሮብኛል ብላ ከሰሰች። አሳዪኝ አልኳት፣ አሳየችኝ። ማን አጠረባት ብለን ተቀመጥን። ሁላችንም ሆነን አገኘነው።»

ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ ቀጠሉ።

«ስለዚህ ቅጣቱ በሁላችን ላይ ነው። ጅባው ለዛሬ ነው። ከዛሬ በኋላ በዚህ መንገድ ላይ ያለ ቤት ሁሉ ከደጁ ፊት ያለውን ድርሻ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያለብሳል፤ ከአፈሩ እኩል ሆኖ፣ ፈረስ የማያደናቅፍ፣ ጎማ የማያሰምጥ፣ ሣሩም በመሀሉ የሚበቅል። ከዛፎቹ እስከ ውሃው ያለውን ሁላችንም ሆነን እንሠራለን። የኔ ቤት ይጀምራል።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ልጄ፣ መንገድሽን ዘግተንብሻል። ይቅር በይን።»

ሽማግሌዎቹ በሙሉ ጎንበስ አሉ። ትናንት ጋቢውን ሲያስተካክል የነበረው ሰውዬም ከእነሱ ጋር ጎንበስ ብሏል።

እኔ ይቅርታ መጠየቅ ነው የማውቀው። ባንክ ወረፋ ላይ፣ መስጊድ ደጃፍ፣ ታክሲ ውስጥ፣ የሄድኩበት ሁሉ «መንገድ ዘጋሁባችሁ፣ ይቅርታ» ስል ነው የኖርኩት። መንገድ ዘጋንብሽ ያለኝ ሰው ግን አልነበረም። መምህር አየለ ትከሻዬን ፈልጎ ያዘ።

«አውፍ ብያለሁ፣ ይቅር ብያችኋለሁ» አልኩ። ድምፄ ስላልወጣ ደግሜ አልኩት፤ «አውፍ ብያለሁ።»